በሐይቅ ዳር ወፍ ለመቁጠር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «የወፎችን ስም በቅጡ የማላውቅ መምህርት ነኝ፤ ከተማሪዎቼ ጋር ሐይቅ በተባለው የወሎ ሐይቅ ድንጋያማ ዳር የሚውሉትን ብንቆጥር ይጠቅማል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ በጣም ይጠቅማል። እኔም ስጀምር ለይቼ የማውቃቸው ጥቂት ነበሩ። ከስም ይልቅ የፈተነኝ አንዷን ወፍ ደጋግሞ መቁጠር ነው።

ወሎ ባሕር ባይኖራትም፣ በአውሮፓና በእስያ የሚፈለፈሉ የውኃ ዳር ወፎች ብርዱን ሸሽተው ይመጡባታል፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ታገኛቸዋለሽ። ኮመን ሳንድፓይፐር የምትባለው ድንጋይ ትወዳለች፤ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው፤ ቆማም ስትራመድም ጭራዋን ታወዛውዛለች። ስትቀርቢያት ውኃውን ታክካ ትበርና ወደ ውስጥ ዞር ብላ ከፊትሽ ካለው ድንጋይ ታርፋለች። ጥቂት ስትራመጂ ያችው ወፍ እንደገና ትነሣለች፤ አንቺ ግን ሌላ ይመስልሻል። የመጀመሪያ ዓመት መዝገቤ በዚህ ተበላሽቷል፤ ዛሬም ሳየው ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከፍ ካለ ቦታ ቆማችሁ መቁጠር ከቻላችሁ እሱ ይሻላል። መራመድ ግድ ከሆነ፣ እናንተን አልፈው ወደ ኋላ የበረሩትን ብቻ ቁጠሩ፤ ከፊት እየተገፉ የሚሄዱትን የምትሄዱበት መስመር ሲያልቅ አንድ ጊዜ መዝግቡ።

መስመሩ ሁልጊዜ ያው ይሁን፤ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ዛፍ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ክፍል ለሴቶች ስለማይፈቀድ ከዚያ ውጭ ምረጪ። ጠዋት፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና፣ ነፋስ ሳይነሣ ውጡ። ልብስ አጣቢ፣ ከብት አጠጪ፣ ታንኳ ካለ ጻፉት፤ ወፎቹ የጠፉበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ምንም ካላያችሁ «ዜሮ» በሉ፤ ባዶ ገጽ አለመሄዳችሁን እንጂ ወፍ አለመኖሩን አይናገርም። ያልለያችሁትን «ያልታወቀ ትንሽ ወፍ፣ 6» ብላችሁ ተዉት፤ በግምት የተሰጠ ስም መዝገቡን ሁሉ እምነት ያሳጣል።

ከተቻለ አንዱን ቆጠራ ጥር ላይ አድርጉት። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ በዚያው ወር ስለሆነ ቁጥራችሁ ከሌሎች አገሮች ጋር ይነጻጸራል።

ተማሪዎቹን በሦስት በሦስት ክፈያቸው፤ አንዱ ይይ፣ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ እግራቸውን ይጠብቅ። ድንጋዩ አልጌ ለብሶ ያንሸራትታል፣ ሐይቁም መካከሉ ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነው፤ ዋና የማይችል ልጅ ከውኃው ጠርዝ አይቁም።