የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለጠጠርና ለዋልካ መንገድ የሚስማማ የሞተር ሳይክል ጎማ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን በከብት ማዳቀል ሙያ ተሰማርቼ እሠራለሁ። በየቀኑ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት ከተጓዝኩ በኋላ ወደ ገበሬዎች ግቢ የሚያስገቡትን የጠጠርና የዋልካ መንገዶች እይዛለሁ። ሞተሬ 125 ሲሲ የገጠር ሞተር ነው፤ የፊት ጎማው 2.75-21፣ የኋላው ደግሞ 4.10-18 የሚል ጽሑፍ አለበት። አባላዘር (ለማዳቀያ የሚሆን የኮርማ ዘር) የምይዝበትን የፈሳሽ ናይትሮጅን ኮንቴይነር ከኋላዬ እጭናለሁ። ጎማዎቹ አልቀዋልና ክረምቱ ሳይገባ የተሻሉ ልገጥም አስቤያለሁ። ካናዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ስኖውሞቢል የሚባለውን የበረዶ ሞተር ይነዳል፤ የማሽኑን የላስቲክ ሰንሰለት ጥርሱ ረዘም ባለ ከቀየረው ወዲህ አነዳዱ እጅግ እንደተሻሻለለት ነግሮኝ፣ እኔም ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ጥርሱ የረዘመውን እንድገዛ መክሮኛል። ጎሚስታው ደግሞ ቁጥሩን ከፍ አድርጌ ሰፋ ያለ ጎማ እንዳስገባ ይገፋፋኛል። የማንን ምክር ልከተል?
አንባቢያችሁ ከሱሉልታ

መልስ፦ በቅድሚያ ከወንድምዎ ምክር እንነሣ። በበረዶው አገር እንኳ፣ በማሽን ተዳምጦ በተስተካከለ መንገድ ላይ ለሚነዱ ስኖውሞቢሎች የሚመረጠው የጥርስ ቁመት በአብዛኛው ከ1 እስከ 1.5 ኢንች ገደማ ነው፤ 2.5 እና 3 ኢንች የሚደርሰው ረጅም ጥርስ የተሠራው ተራራ ላይ ለሚገኝ ጥልቅና ልል በረዶ ነው። ይህንኑ ረጅም ጥርስ ጠንካራ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው የሞተሩ ጉልበት ይባክንበታል፣ ፍጥነቱ ይቀንስበታል፣ ጥርሶቹም ቶሎ ይጎዱበታል። ስለዚህ ወንድምዎን የጠቀማቸው ርዝመቱ በራሱ ሳይሆን አዲሱ ጥርስ ለሚነዱበት በረዶ የቀረበ ልክ ያለው መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ለእርስዎም ጎማ የሚመረጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ መሬቱ ይታያል፣ ከዚያ ጥርሱ።

የእርስዎ መሬት አስቸጋሪ የሚሆነው አንድ ዓይነት ባለመሆኑ ነው። አስፋልቱና ጠጠሩ ብዙ አያስጨንቁም፤ ዋናው ፈተና ዋልካው ነው። ይህ ጥቁር አፈር በውኃ የሚያብጥ ደቃቅ ሸክላ የበዛበት በመሆኑ በበጋ ይሰነጠቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ በክረምት ደግሞ ያብጥና የነካውን ሁሉ ይይዛል። ብዙ ሞተረኞች ዋልካ ላይ የሚንሸራተቱት የጎማቸው ጥርስ ስላጠረ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በጭቃ ይደፈንና ጎማው ዙሪያውን ልሙጥ ስለሚሆን፣ ከዚያ በኋላ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን 18 ለመንገዱ ምንም ለውጥ አያመጣም። ጎማ የያዘውን ጭቃ የሚያራግፈው በፍጥነት ሲሽከረከር ሲሆን፣ ጥርሶቹ የተራራቁ ከሆኑ በዝግታም ቢሆን ይራገፋል፤ የተቀራረቡ ከሆኑ ግን ጭቃውን አጥብቀው ይይዙታል።

የሞተርዎ ጉልበት ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ከፍታ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። 125 ሲሲ ሞተር ከዚህ ቅናሽ በኋላ የሚተርፈው ጉልበት ለሞቶክሮስ ውድድር የተሠራን ረጅም ጥርስና ከባድ ጎማ በጭቃ ውስጥ በፍጥነት አሽከርክሮ ለማራገፍ አይበቃውም። እንዲህ ያለው ጎማ ጥርሱ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚሆን አስፋልት ላይ ሲጓዙ ጥርሶቹ ይተጣጠፋሉ፣ በፍጥነት ያልቃሉ፤ ከሁሉም የሚያሳስበው ግን በእርጥብ አስፋልትና በኮብልስቶን ላይ መሬቱን የሚነካው የላስቲክ መጠን ትንሽ በመሆኑ ፍሬን ሲይዙ ለመቆም የሚወስደው ርቀት መርዘሙ ነው። የናይትሮጅን ኮንቴይነር ጭኖ ወደ ዋናው መንገድ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ የእኛ ምክር ጥርሱ መካከለኛ፣ ይኸውም ከ8 እስከ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለውን ጎማ እንዲመርጡ ነው፤ ሻጮች ግማሽ ለአስፋልት፣ ግማሽ ለአፈር ብለው የሚያቀርቡት ዓይነት ለዚህ ይቀርባል። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ቀላል ነው፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ጣትዎን ያስገቡ፤ ጣትዎ ያለ ችግር ከገባ ጭቃውም በዚያው ልክ ለመውጣት ይቀለዋል። የሚሠሩት በእንጦጦ ተዳፋት በቀይ አፈርና በድንጋይ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ቀረብ ቀረብ ያለ እንዲሆን እንመክር ነበር፤ ድንጋይ ላይ የሚይዘው የላስቲኩ ስፋት ነውና።

ወደ ጎሚስታው ሐሳብ እንምጣ። ሰፊ ጎማ ለዓይን ያምራል፤ ለዋልካ ግን ጉዳቱ ይበልጣል። የኋላው 4.10 ኢንች ማለት 104 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሚሊ ሜትር በተጻፉት ጎማዎች፣ ለምሳሌ 110/80-18 በሚለው፣ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱን፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። ከ110 በላይ ሲወጡ ጎማው ከካቴናውና ከኋላው ሹካ ጋር ይቀራረባል፤ የቀረችውን ጠባብ ክፍተት ዋልካው በአንድ ጉዞ ይሞላታልና ጎማው መዞሩን ሊያቆም ይችላል። በዚያ ላይ ጠባብ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ሰፊ ጎማ ጎኑ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ የታሰበውን ያህል መሬት አይነካም። የፊቱን 2.75 ፈጽሞ አይቀይሩት፤ ቀጭን የፊት ጎማ ላዩን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል። የፊት ፓራፋንጎው ጎማውን የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ ገንዘብዎን ከሰፊ ጎማ ይልቅ ፓራፋንጎውን ከፍ ለማስደረግ ቢያውሉት ይሻላል።

ሲገዙ ከስፋቱ ቀጥሎ ያለውንም ጽሑፍ ያንብቡ። 59ፒ ማለት ጎማው በሚፈቀደው ሙሉ ንፋስ 243 ኪሎ ግራም እንዲሸከምና እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዲሄድ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ እርስዎ ኮንቴይነር ስለሚጭኑ ከኋላው ጎማ ይህን ቁጥር ዝቅ አያድርጉ። ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ደግሞ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃልና ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ አይውሰዱት።

አዲስ ጎማ ላዩ ስለሚያንሸራትት የመጀመሪያዎቹን 100 እስከ 150 ኪሎ ሜትሮች በዝግታ፣ ብዙ ሳይጋደሙ ይንዱ። በጎኑ ቀስት ካለበት የሚዞርበት አቅጣጫ በቀስቱ መሠረት መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶም በሐምሌና በነሐሴ ከሌሊት ዝናብ በኋላ የማያስኬድ ዋልካ ይኖራል፤ በዚያን ጊዜ ሞተሩን ጠጠሩ ላይ አቁሞ ኮንቴይነሩን በትከሻ መያዝ ከየትኛውም ጎማ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጭቃ ላይ የተሻለ እንዲይዝልኝ የኋላ ጎማዬን ንፋስ እቀንሳለሁ፤ ነገር ግን ከመነዳሪው ንፋስ በሚሞላበት አንገቱ ላይ በተደጋጋሚ እየተቀደደ ተቸገርኩ። ጎሚስታው የከመነዳሪው ጥራት ነው ይለኛል።
አንባቢያችሁ ከሰበታ

መልስ፦ የጥራት ችግር ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታም ይቀደድ ነበር። አንገቱ ላይ ብቻ መቀደዱ ጎማው በቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን ይዞት እንደሚዞር ያሳያል። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬውን አጥብቆ ስለማይጫነው፣ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ቸርኬው ይቀድማል፣ ጎማው ይዘገያል፣ በመካከል አንገቱ ይጎተታል። እንደ እርስዎ ባለ ቀላል የገጠር ሞተር በአምራቹ መመሪያ የሚታዘዘው የኋላ ንፋስ ብዙ ጊዜ በ20 እና በ28 ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መካከል ነው፤ ለጭቃ ወደ 17 ወይም 18 ማውረድ ይቻላል፣ ከዚያ በታች ግን ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ማያዣ ካልተገጠመ በስተቀር አንመክርም። ማያዣውን ለማስገባት ቸርኬው ላይ አንድ ቀዳዳ መብሳት ሊያስፈልግ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ በአንገቱ ላይ ያለችውን ብሎን ቸርኬው ላይ አጥብቀው አይሰሩ፤ ላላ አድርገው ወደ ክዳኑ ያስጠጓት። እንዲህ ሲሆን ጎማው ከተንሸራተተ አንገቱ ዘመም ብሎ ስለሚታይ ሳይቀደድ በፊት ንፋሱን አስወጥተው ማስተካከል ይችላሉ። ከመነዳሪው ሲገጠም ጥቂት የሕፃናት ፓውደር ቢነሰነስበት ከጎማው ጋር አይጣበቅም። ከጭቃው ወጥተው ድንጋያማ መንገድ ወይም አስፋልት ከመያዝዎ በፊት ግን ንፋሱን መልሰው ይሙሉት፤ ንፋሱ ያነሰ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ከመነዳሪውን ጎንና ጎን ቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታልና፣ በእጅ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ከመቀመጫው ሥር መያዝ ተገቢ ነው።