በቆሎው የሰበሰበው ካርበን የት ገባ?

ጥያቄ፦ አጥኚዎች ማሳዬ ዳር ረጅም የብረት ምሰሶ ተክለዋል። አፈሩ ላይም ሳጥን ደፍተው በመርፌ አየር ይቀዳሉ። የሙቀት አማቂ ጋዞችን ነው የምንለካው ይሉኛል። ሰብል ካርበን ከአየር ይሰበስባል ሲባልም እሰማለሁ። እኔ በየዓመቱ ጥሩ በቆሎ አመርታለሁ፤ አፈሬ ግን እየሳሳና እየጠጠረ ሄደ። ታዲያ ካርበኑ የት ገባ? ላሞቼ አየሩን ይጎዳሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ልኬቱ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። «የት ገባ?» የሚለው ጥያቄዎ ምሰሶውን የተከሉት ሰዎችም የሚጠይቁት ነው። ስለዚህ ከእሱ ልነሳ። አብዛኛው ካርበን ወደ መጣበት አየር ተመልሷል።

ከ100 ኪሎ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ውስጥ ከ40 ኪሎ በላይ የሚሆነው ካርበን ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ከአየር ነው፤ ከማዳበሪያ አይደለም። ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ ካርበን ዳይኦክሳይድን ስኳር ያደርገዋል። ከዚያ ግን መመለስ ይጀምራል። ተክሉ ራሱ ከስኳሩ ግማሽ የሚጠጋውን ለኑሮው ያውለዋል፤ ያ ወዲያው አየር ይሆናል። ፍሬው ተሰብስቦ ከማሳ ይወጣል። አገዳው ከተቃጠለ በአንድ ቀን ይበናል። መሬት ላይ የቀረውንም በዓይን የማይታዩ የአፈር ፍጥረታት ይበሉታል፤ ሲበሉትም ካርበን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። መሬቱ ሲደጋገም የሚታረስ ከሆነ ደግሞ አየር በደንብ ስለሚያገኙ ነባሩን ብስባሽ ጭምር ይጨርሱታል። የአፈርዎ መሳሳትና መጠጠር ከዚህ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ስለዚህ ማሳው አረንጓዴ መሆኑ ብቻውን ካርበን ተቆጠበ አያሰኝም። እንደ ሱቅ ደብተር ነው፤ ገቢውም ወጪውም የዓመት ሙሉ ተደምሮ መታየት አለበት።

ይህን በዓለም ደረጃ ያሳየን አንድ ረጅም ልኬት ነው። ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ደሴት፣ ማውና ሎዋ በተባለ እሳተ ገሞራ ተራራ ላይ ካርበን ዳይኦክሳይድን ያለማቋረጥ መለካት ጀመረ። ቦታው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከከተማና ከጫካ የራቀ በመሆኑ እዚያ የሚደርሰው አየር በሚገባ የተቀላቀለ ነው። ያኔ ከሚሊዮን የአየር ቅንጣቶች 313 ያህሉ ካርበን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ኪሊንግ ቁጥሩ በየዓመቱ ወጣ ገባ እንደሚል አየ። በግንቦት አካባቢ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት ሲለመልሙ እየወረደ ሄዶ በመስከረም ዝቅተኛው ላይ ይሆናል። ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ እንደገና ይወጣል። ልዩነቱ 6 ያህል ነው። የዚያ ንፍቀ ክበብ ሰብልና ደን ሥራ በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ መነበቡ እኔን እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ነገር ግን ቁጥሩ በየዓመቱ ሲወርድ ወደ አምናው ቦታ አይመለስም። ዛሬ ከ420 አልፏል። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ገደማ እንደነበር በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ የታሰሩ የጥንት አየር አረፋዎች ያሳያሉ። ጭማሪው በዋነኛነት ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ መምጣቱም ተለክቶ ታውቋል። ሕይወት ባለው ነገር ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ጨረር አመንጪ ካርበን አለ። በከሰልና በነዳጅ ውስጥ ግን ከዕድሜ ብዛት አልቋል። ስለዚህ ከእነሱ የሚወጣው ጭስ ሲጨመር በአየሩ ውስጥ ያለው የዚህ ካርበን ድርሻ ይሳሳል። የአገዳዎ ጭስ ግን አያሳሳውም።

ሰው ከሚለቀው ካርበን ዳይኦክሳይድ ግማሽ የሚጠጋው አየር ውስጥ ይቀራል። ሌላውን ባሕርና የብስ ይወስዱታል። የየብሱ ድርሻ ግን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል፤ ድርቅና ሙቀት በበዛበት ዓመት በጣም ይቀንሳል። የሚያስቸግረው ስሌት ይኼ ነው። ምሰሶውም ማሳዎ ዳር የቆመው ለዚህ ነው።

ምሰሶው ላይ ያሉት መሣሪያዎች ነፋሱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገላበጥ በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ይለካሉ፤ ይዞት የሚሄደውንም ጋዝ ይመዘግባሉ። ቀን በቆሎው ሲያድግ ጋዙ ወደ ማሳው ይገባል። ሌሊት ይወጣል። ሳጥኑ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። አፈሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከድነው በየመሃሉ አየር ይቀዱና ጋዙ ምን ያህል እንደተጠራቀመ ያሰላሉ። በተለይ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም ከማዳበሪያ ናይትሮጅን የሚወጣው ጋዝ፣ እና ሚቴን በዚህ ይለካሉ።

አደራ የምልዎት እዚህ ላይ ነው። ዩሪያ የበተኑበትን፣ ያጠጡበትንና ያረሱበትን ቀን ይንገሯቸው፤ ቢቻል አስቀድመው። ናይትረስ ኦክሳይድ ዓመቱን ሙሉ እኩል አይወጣም። ማዳበሪያ ተበትኖ ዝናብ ሲከተል ለጥቂት ቀናት ፈንድቶ ይወጣና ይቀንሳል። እነዚያ ቀናት ካመለጡ የዓመቱ ስሌት ይዛባል። ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ቀለበትም ከብት እንዳይረግጠው ይጠብቁላቸው።

ይህ ጋዝ ለእርስዎም ኪሳራ ነው። ከካርበን ዳይኦክሳይድ ጋር በእኩል ክብደት ሲነጻጸር በ100 ዓመት ውስጥ 270 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። በዓለም አቀፍ ስሌት ከተበተነው ናይትሮጅን 1 በመቶ ያህሉ በዚህ መልክ ይወጣል ተብሎ ይገመታል። ትንሽ ይመስላል። ግን ጋዙ በብዛት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የተኛበት፣ ናይትሮጅን የተረፈበት አፈር አለ ማለት ነው። ከዚያ አፈር ሌላ ብዙ ናይትሮጅን ተራ የናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይጠፋል፤ ሳጥኑም ያንን አይለካውም። ዩሪያውን ከፋፍለው ተክሉ በሚፈልግበት ጊዜ ይስጡ። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አይበትኑ። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ያጠንፍፉ።

ወደ ላሞቹ ልምጣ። አዎ፣ ሚቴን ይለቃሉ፤ አብዛኛው የሚወጣው በአፍ፣ ሲያገሱ ነው። በሚቴኑ ውስጥ ያለው ካርበን ከበሉት ሣር የመጣ ስለሆነ ከመሬት ከተቆፈረ ከሰል ጋር አንድ አይደለም። አየር ውስጥም የሚቆየው 10 ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ሣሩ ከአየር የወሰደው ካርበን ሚቴን ሆኖ ሲመለስ የማሞቅ ኃይሉ እጅግ ይበልጣል፤ ከካርበን ዳይኦክሳይድ ጋር በእኩል ክብደት ሲነጻጸር በ100 ዓመት ስሌት ወደ 27 እጥፍ። ስለዚህ «ዑደት ነው፣ ችግር የለውም» የሚለውን አልቀበልም። መፍትሔው ከብት ማጥፋትም አይደለም። ሣሩ ሳይጠነክር ይጨዱት፤ ከአልፋልፋና ከመሰል የጥራጥሬ ዘር መኖ ጋር ቀላቅለው ይስጡ። ሳይወልዱና ሳይታለቡ የሚቆዩትን ይቀንሱ። በአንድ ሊትር ወተት ላይ የሚወጣው ሚቴን ይወርዳል፤ መኖውም ወደ ወተት ይቀየራል። ፍጉንም ረጥቦና ታፍኖ እንዲከመር አይተዉት። እያገላበጡ ኮምፖስት ያድርጉት።

አሁን የአፈርዎ ነገር። በዓለም አፈር ውስጥ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለው ካርበን አየሩ ውስጥ ካለው ይበልጣል። የእርስዎም ቁጠባ ሊጠራቀም የሚችለው እዚያ ነው። አገዳውን ማቃጠል ዛሬውኑ ያቁሙ። ለከብት የሚተርፈውን ማሳው ላይ ይተዉት፤ የወሰዱትን ደግሞ በፍግ መልክ ይመልሱ። በቆሎን ከጥራጥሬ ጋር እያፈራረቁ ይዝሩ። ማሳው ራቁቱን እንዳይከርም ሽፋን ሰብል ይጠቅማል። እርሻ መቀነስ አፈሩን ከመሸርሸር ያድነዋል፤ ተረፈ ምርት ካልተመለሰ ግን ብቻውን ብዙ ካርበን ይጨምራል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም።

የአፈር ካርበን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ከተመሳሳይ ቦታ፣ ከተመሳሳይ ጥልቀትና በተመሳሳይ ወቅት ናሙና እየወሰዱ በየ5 ዓመቱ ያስመርምሩ። በአንድ ዓመት ምርመራ «አፈርህ ውስጥ ላጠራቀምከው ካርበን እንከፍልሃለን» የሚል ሰው ከመጣ ከመፈረምዎ በፊት እንዴት እንደለካው ይጠይቁት።

አጥኚዎቹንም ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ የተሰበሰበው ምርት ከተቀነሰ በኋላ ማሳዬ ካርበን ጨመረ ወይስ አጣ? ያንን ቁጥርና ያደረጉትን ሁሉ፣ ማለትም ማዳበሪያውን፣ እርሻውንና አገዳው የሄደበትን፣ ጽፈው ይላኩልኝ። የሚቀጥለውን ዓመት የማዳበሪያና የአገዳ አያያዝ በእሱ ላይ ተመሥርተን እናወጣለን።