ማግኔቲክ ድሪል ለመግዛት ለጠየቁት ወንድሜ፦ በቀዳዳው ስፋት ሳይሆን በማግኔቱ ይምረጡ

ከ8 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ላሜራና በአይ ቢም ላይ የብሎን ቀዳዳ ለመብሳት ማግኔቲክ ድሪል (በማግኔት ብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚበሳ ማሽን) ሊገዙ እንደሆነ ገልጸው፣ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይበሳል ከተባለው ርካሽ ማሽንና እስከ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሚበሳው ውድ ማሽን የቱ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ በአዲስ አበባ የመጋዘንና የአነስተኛ ፋብሪካ የብረት መዋቅር እሠራለሁ። ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ስለ ነበረ፣ ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ የደረሰብኝ ኪሳራ በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። በአጭሩ 35ቱን ይግዙ፤ እሱንም ቢሆን ከዚህ በታች በምነግርዎ መንገድ ሳይፈትኑት አይግዙ።

1. የማሽኑን ወረቀት ለጊዜው ይተዉትና ከብሎንዎ ይነሱ። ለኤም 16 (ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ለሆነ) ብሎን 18፣ ለኤም 20 ብሎን 22፣ ለኤም 24 ብሎን 26 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳል፤ ኤም 27 እንኳ ቢመጣ 30 ይበቃዋል። እንደ እኔ መጋዘን የሚሠሩ ከሆነ፣ እንደሚሆኑም አልጠራጠርም፣ ከእነዚህ ልኮች የሚያልፍ ሥራ እምብዛም አይገጥምዎትም። 50 የሚለው ቁጥር ለእርስዎ የሚጨምርልዎት ክብደት ነው። ትናንሾቹ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ግራም ሲመዝኑ፣ ትላልቆቹ 20 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ፤ ይህ ልዩነት ወርክሾፕ ውስጥ ባይሰማም መወጣጫ ላይ ቆሞ ማሽኑን ወደ ጎን ደግፎ ለሚይዝ ሠራተኛ ከባድ ነው። ከዚህም በላይ በርካሽ ማሽን ላይ የተጻፈው 50 ራሱ ያጠራጥራል። ተራውን ብረት በኤችኤስኤስ (በጠንካራ የመቁረጫ ብረት) በተሠራ ካተር፣ ማለትም መሐሉ ባዶ በሆነና ጠርዙ ጥርስ ባለው ክብ መቁረጫ ስንቆርጥ የካተሩ ጥርስ በደቂቃ 30 ሜትር ገደማ ቢጓዝ ይስማማዋል፤ ይህም ለ22 ሚሊ ሜትር ካተር በደቂቃ 430 ዙር ያህል፣ ለ50 ሚሊ ሜትር ካተር ግን 190 ዙር ብቻ ይሆናል። ማርሽ የማይቀይር፣ ፍጥነቱም የማይስተካከል ማሽን በ400 ዙር እየተሽከረከረ 50 ሚሊ ሜትር ሲበሳ ካተሩን ያቃጥለዋል።

2. ዋናው ጉዳይ ማግኔቱ ነው። በማሽኑ ላይ የሚጻፈው የማግኔት ጉልበት የሚለካው ወፍራም፣ ብዙ ጊዜም 25 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነ፣ ቀለምና ዝገት በሌለው ለጥ ያለ ብረት ላይ ነው። ማግኔቱ ጉልበቱ የሚያልፍበት በቂ ብረት ከሥሩ ካላገኘ ይዳከማል፤ የላሜራው ውፍረት ከ12 ሚሊ ሜትር በታች ሲወርድ ድካሙ በግልጽ ይታያል፣ 6 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ ማሽኑን ማመን አይቻልም። የአንቲረስት ቀለምም ሆነ የዝገት ቅርፊት፣ በማግኔቱ ሥር የገባች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ሳትቀር፣ ከጉልበቱ ይቀንሳሉ። ማሽኑን የሸጠልኝ ሰው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ጠይቄው ግን አልነገረኝም።

የሱቁን ስም አላነሣም። ሻጩ ማሽኑን ያሳየኝ እጅግ ወፍራም በሆነ የብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው። ካተሩ ሳይንቀጠቀጥ ገባ፣ በመሐሉ የቀረው እንክብል ብረትም ወጥቶ ወደቀ። እኔ ሥራዬ ዌቡ (የመሐሉ ላሜራ) 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ኮለም፣ ማለትም የብረት ምሰሶ ላይ መሆኑን ገልጬ፣ ማግኔቱ ይችለው እንደሆነ በግልጽ ጠየቅሁት። «ከአንድ ቶን በላይ ይይዛል፣ ምን ያስጨንቅዎታል?» ብሎ መለሰልኝ። ሳይት ላይ ቀለሙን በግራይንደር አንሥተን፣ ቦታውን አጽድተን ማሽኑን ዌቡ ላይ አስቀመጥነው፤ ካተሩ ብረቱን ነክሶ ጥቂት እንደገባ የማሽኑ እግር ተንሸራትቶ ዞረና ካተሩ ተሰባበረ። ሌላ ካተር ብንሞክርም ያው ሆነ። ለዕለቱ የተከራየነው ክሬንም ሥራ ፈትቶ እየቆመ ሒሳቡ ይቆጥር ነበር። ማሽኑን ይዤ ወደ ሱቁ ስመለስ ያ ትሑት ሻጭ ሌላ ሰው ሆኖ ጠበቀኝ። ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ሥራ ላይ የዋለ ዕቃ እንደማይመለስና ጥፋቱም ማሽኑን መያዝ የማይችሉት የሠራተኞቼ መሆኑን በደንበኞች ፊት ነገረኝ። እንግዲያው አንተው በ8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ብሳና አሳየኝ ብለው እምቢ አለ። ገንዘቡ በሥራ ይተካል፤ ዕድሜያቸውን በዚህ ሙያ ያሳለፉ ሰዎችን አላዋቂ ብሎ መሳደቡ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መፍትሔውንም ያገኘው ሻጩ ከናቃቸው ሰዎች መካከል አንዱ፣ በቶርኖ ሥራ ያረጀ ባለሙያ ነው። የ20 ሚሊ ሜትር ቁራጭ ላሜራ አምጥቶ ከዌቡ ጀርባ፣ ማግኔቱ በሚያርፍበት ቦታ ትይዩ፣ በክላምፕ አጥብቆ አሰረው፤ እንክብሉ ብረት እንዲወጣም ካተሩ የሚያልፍበትን ቦታ ነጻ ተወው። ያው ማሽን፣ በዚያው ዌብ ላይ፣ ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም። የቀሩትን ቀዳዳዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ጨረስን፤ መዋቅሩ ሲገጣጠምም ብሎኖቹ ያለ መዶሻ በእጅ ገቡ። በዚያው ግቢ ሌላ ተቋራጭ በእሳት የበሳቸው ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ስለ ተዛባ አማካሪ መሐንዲሱ ውድቅ ሲያደርጋቸው፣ የእኛን ለክቶ አንድም እርማት ሳይጽፍ ማለፉ ዛሬም ያኮራኛል።

እርስዎ ግን ሊገዙ ሲሄዱ የራስዎን 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይዘው ይሂዱ። በሱቁ የብረት ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጡት አይፍቀዱ፤ ጠረጴዛው ከሥር ሆኖ የጎደለውን የማግኔት ጉልበት ይሞላለታልና ፈተናው ዋጋ ያጣል። ላሜራውን በሁለት የእንጨት ጣውላዎች ላይ አሳርፈው፣ ጫፎቹን በክላምፕ አስረው፣ በ22 ሚሊ ሜትር ካተር ያስበሱት። ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። በዚያው አጋጣሚ ማሽኑ ሳይበራ ሞተሩን በሁለት እጅዎ ይዘው ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ክፍተት ካለውና በብሎኖቹ ጠብቆ ካልተስተካከለ ካተር ሲሰብር ይኖራል።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ያሰብኩት ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣው ማሽን 120 ቮልት፣ በእንግሊዝ አገር ለሳይት ሥራ የሚሸጠው ደግሞ 110 ቮልት ስለሚሆን፣ ዋጋው ቢያጓጓዎትም የትራንስፎርመሩን ወጪ አብረው ያስቡ። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። የተለመደው ማግኔት ኤሌክትሪክ በተቋረጠበት ቅጽበት ይለቃል፤ ማሽኑ በጎን ወይም ወደ ላይ ተለጥፎ ከሆነ የሚወድቀው ከሥር ባለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከፍታ ላይም ሆነ በጎን ስትሠሩ ሰንሰለቱን ወይም ቀበቶውን ሳታስሩ ማብሪያውን አትንኩ። መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ በራሱ የማይነሣ ማሽን ይምረጡ፤ ይህንንም ሱቁ ውስጥ ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ በመሰካት ማረጋገጥ ይቻላል። ሥራዎ በአብዛኛው ከፍታ ላይ ከሆነና አቅምዎ ከፈቀደ፣ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይለቅ ቋሚ ማግኔት ያላቸው ማሽኖች አሉ፤ ሚልዋኪ የተባለው አምራች በባትሪ የሚሠራ እንዲህ ያለ ማሽን አለው። ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን ቮልቴጁን ስለሚያወርደው ሞተሩንም ማግኔቱንም ያደክማል። ደግሞም ማሽኑ ተለጥፎበት ባለ መዋቅር ላይ ማንም ሰው ብየዳ እንዲበይድ አይፍቀዱ፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በማግኔቱ በኩል ተመልሶ ሊያቃጥለው ይችላል። በሳይቶቻችን በያጁና ሰርሳሪው ጎን ለጎን መሥራታቸው የተለመደ ስለሆነ ይህን ለሠራተኞችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ካተርን በተመለከተ፣ አንገቱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነውን የሚቀበል ማሽን ከገዙ ከብዙ አምራቾች ካተር ሊገጥሙለት ይችላሉ። እስከ 20 ሚሊ ሜትር ላለው ላሜራ አጭሩን፣ 25 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ጥልቀት የሚቆርጠውን ይግዙ፤ ረጅሙ ያለ ጥቅም ይርገበገባል። ሁለት ላሜራ ደርበው በአንድ ጊዜ ለመብሳት አይሞክሩ፤ የላይኛው እንክብል ካተሩ ውስጥ ተቀርቅሮ የታችኛውን እንዳይቆርጥ ያግደዋል። በካተሩ መሐል የሚገባው ፒን እንክብሉን ገፍቶ የሚያስወጣና ማቀዝቀዣውን ወደ ጥርሶቹ የሚያደርስ ስለሆነ ያለ እሱ ማሽኑ ሥራ ፈት ነው። ፒኑ፣ ሰንሰለቱና የሞተሩ ተለዋጭ ካርቦን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል የሚያደርሰው፣ እየተበላ የሚያልቀው ቁራጭ) ሳጥኑ ውስጥ መኖራቸውን በዓይንዎ ሳያዩ፣ ካርቦኑ ሲያልቅም ከየት እንደሚገኝ ሻጩ በደረሰኙ ላይ ሳይጽፍልዎት ገንዘቡን አይክፈሉ።