ጃቫ ተጭኖ ሲጠፋ

«የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል የሆነውን ጄዲኬ 21ን በዚፕ አውርጄ ዊንዶውስ ላይ ፈታሁት። ኮዴን ለማጠናቀር (ወደሚሄድ ፕሮግራም ለመቀየር) ጃቫሲ ብዬ ስጽፍ ግን ትዕዛዙን አላውቀውም ይለኛል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ መልሼዋለሁ።» (ተማሪ፣ ከአዳማ)

አራተኛ ጊዜ እንዳታጠፋው! ጃቫው አለ፤ ዊንዶውስ ነው ያለበትን ያላወቀው። ትዕዛዝ ሲጻፍለት የሚያስሰው ፓዝ በሚባለው ዝርዝር የተመዘገቡትን ፎልደሮች ነው። ስለዚህ የጄዲኬውን የቢን ፎልደር አድራሻ ፓዝ ላይ ጨምር። ጄዲኬው ያለበትን ለሌሎች ፕሮግራሞች በሚነግረው በጃቫ ሆም ላይ ግን ቢን የምትለዋን አስቀርተህ ጻፍ፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የጻፈ ሰው ነገ ሜቨን የተባለው የጃቫ ፕሮጀክት መገንቢያ ሲያኮርፍበት ግራ ይገባዋል። ከዚያ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ዘግተህ አዲስ ክፈት። አሮጌው መስኮት የሚያውቀው ሲከፈት የነበረውን ፓዝ ብቻ ነው፤ ይህን ባለማወቄ እኔም አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ አባክኛለሁ።

«ኡቡንቱ ላይ ጃቫ አለ፣ ጃቫሲ የለም። እንዴት ይሆናል?»

የጫኑት ጄአርኢውን ነው፤ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከማስኬድ አያልፍም። የኡቡንቱ መጫኛ በሆነው በአፕት ሲጭኑ የጥቅሉ ስም በጄዲኬ ማለቁን ይዩ።

«እኔም የምጠቀመው ኡቡንቱ ነው። ኮዱ ያለ ስህተት ይጠናቀራል፤ ሳስኬደው ግን የክላስ ፋይሉ ስሪት 65 ነው፣ የማነበው እስከ 61 ነው ይላል። ይህ የምን ቁጥር ነው?»

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ከቁጥሩ 44 ይቀንሱ፦ 65 ጃቫ 21 ይሆናል፣ 61 ደግሞ ጃቫ 17። ያጠናቀረው አዲሱ፣ የሚያስኬደው አሮጌው ነው ማለት ነው። ኡቡንቱ ማጠናቀሪያውን ጃቫሲንና ማስኬጃውን ጃቫን ለየብቻ ያስመርጣል፤ አፕዴት አልተርኔቲቭስ በሚባለው ትዕዛዝ ጃቫሲን ወደ 21 ቀይረው ጃቫን 17 ላይ ከተዉት እንዲህ አይግባቡም። ጃቫንም ወደ 21 ያምጡት።

«ማኬ ኤም 2 ቺፕ ያለው ነው። አርም 64 ልጫን ወይስ ኤክስ 64?»

አርም 64፤ የቺፕዎ ቋንቋ እሱ ነው። ለኢንቴል ቺፖች የተሠራው ኤክስ 64ም ሮዜታ በሚባለው የአፕል መተርጎሚያ እየተተረጎመ ይሠራል፤ ግን ቋንቋውን የሚያውቅ እያለ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?

«አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት አለን። የኦራክል ጄዲኬ ያስከፍላል?»

እንደ ስሪቱ ነው። ጄዲኬ 17 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ለንግድም ነፃ ነበር፤ ከ2024 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የወጡት ማሻሻያዎቹ ግን ለንግድ ሥራ የሚከፈልበት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህን ቀን መቁጠር እኔን ሰልችቶኛል። ቴሙሪን የተባለውን ጄዲኬ ጫኑ፤ የሚሠራው የኦራክሉም ከሚሠራበት ክፍት ኮድ ከኦፕን ጄዲኬ ነው፣ ለድርጅትም አያስከፍልም።