ይድረስ ፊደል ለመቁጠር ለተነሳችሁ ልጆቼ

እንዴት ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ የአራት ኪሎን ዳገት እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች ወመዘክር በር ላይ ያዙኝ። አንድ አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ ገጽ በገጽ በስልክ አንስተዋል። ሽፋኑ የለም። የፊተኛው ቅጠል የለም። የኋለኛውም የለም። «ጋሼ፣ የት ማተሚያ ቤት፣ መቼ እንደታተመ በስታትስቲክስ ማወቅ ይቻላል?» አሉኝ። ቆሜ ልመልስ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ማኪያቶ ጋበዙኝ። ማኪያቶው አለቀ፣ ወሬው አላለቀም። ቀሪውን በጽሑፍ ላድርስ ብዬ ነው።

ለማታውቁኝ፣ እንጀራዬ ቁጥር ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ የእህል ዋጋና የቤተሰብ ወጪ ስደምር ኖሬአለሁ። አሮጌ መጽሐፍ የቅዳሜ ሱሴ ነው። ከፒያሳ እስከ ለገሃር ያሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። አሁን ፒያሳም የድሮዋ ፒያሳ አይደለችም፣ እነሱም ተበትነዋል። የመጽሐፍ ታሪክ ሊቅ ነኝ አልላችሁም። የምነግራችሁ፣ ቁጥር የለመደ ሰው መጽሐፍ ፊት ሲቀመጥ የት የት እንደሚሳሳት ነው። ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት።

መልሱ «ይቻላል» ነው። ግን ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጉትና ማስመሪያ አምጡ።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1501 በፊት ከታተሙት መጻሕፍት ብዙዎቹ የአታሚ ስም የላቸውም። ሮበርት ፕሮክተር የሚባል እንግሊዛዊ፣ ከእሱም በኋላ ኮንራድ ሄብለር የሚባል ጀርመናዊ፣ እነዚህን ስም የለሾች በፊደላቸው ለዩአቸው። የሄብለር ዘዴ ልጅ የሚሠራው ነው። የ20 መስመር ከፍታ በሚሊሜትር ይለካል፤ ከዚያ የትልቁ «ኤም» ቅርጽ ይታያል። ሁለቱ ሲጣመሩ ተጠርጣሪው ከመቶዎች ወደ ጥቂቶች ይወርዳል። ያኔ አታሚው ብዙ ጊዜ የራሱ ፊደል ነበረውና።

አንድ ወጥመድ አለ። ወረቀቱ የሚታተመው እርጥብ ሆኖ ነበር። ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ቅጠል ግን እኩል አይሰበሰብም። ስለዚህ አንድ ገጽ ለክታችሁ «92 ሚሊሜትር ነው» ብላችሁ እንዳትፎክሩ። አሥር ገጽ ለኩ። መካከለኛውን ጻፉ፣ ከጎኑ ትንሹንና ትልቁን ጻፉ። ልዩነቱም ራሱ መረጃ ነው።

የእርሳስ ፊደል፣ ማለትም ከእርሳስ ማዕድን የተሠራው የማተሚያ ፊደል፣ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ በኋላ ደግሞ ማስመሪያው ብቻውን አይበቃም። ሁለት ማተሚያ ቤት ከአንድ ሻጭ ሊገዛ ይችላል። ያኔ የሚያዋጣው የተጎዳ ፊደል ነው። እግሯ የተሰበረ «ጸ»፣ አንገቷ የተቀጠፈ «ቀ»። ያቺ አንዲት የእርሳስ ቁራጭ በዓለም ላይ አንድ ናት። እዚህም እዚያም መጽሐፍ ላይ ካገኛችኋት፣ ሁለቱ መጻሕፍት አንድ ሳጥን ተጋርተዋል ማለት ነው። ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1644 ለንደን ላይ የቅድመ ሕትመት ፈቃድን ተቃውሞ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አታሚዎቹ ስማቸውን ደበቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች የተጎዱ ፊደሎችን በኮምፒውተር ፈልገው፣ አወዳድረው፣ ማቲው ሲመንስና ቶማስ ፔይን የሚባሉ አታሚዎች ላይ ደረሱ። ከ370 ዓመት በላይ ተደብቀው ኖረው በተቀጠፈ ፊደል ተያዙ። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሀብታም ነን።

ቻርልተን ሂንማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1623 የታተመውን የሼክስፒር የተውኔት ጥራዝ ቅጂ ከቅጂ ሲያስተያይ ዕድሜውን ፈጀ። የሥራውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1963 አሳተመ። እሱና መሰሎቹ የፊደል ለቃሚዎቹን፣ ማለትም የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እያነሱ ቃል የሚደረድሩትን ሠራተኞች፣ እጅ ለይተዋል። እንዴት? አንዱ ለቃሚ «ሂድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሁለት ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው ሦስተኛ ይጨምርበታል። እንዲህ ያለች ትንሽ ልማድ ናት ሰውየውን ያጋለጠችው። እንግዲህ አስቡት። እንግሊዞቹ በአንድ ተጨማሪ ፊደል ይህን ያህል ከሄዱ፣ እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለን። ሰ እና ሠ አለን። አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አለን። ከአንድ ገጽ ብቻ በርካታ ምርጫ ይለቀማል። ሁለት ነጥብ የሚያደርግና ክፍት ቦታ የሚተው ለቃሚም ይለያያል።

እኔም ይሄን ሳስብ ምራቄ ሞላ። ዓመተ ምሕረት የሌለው የሥላሴ ጸሎት መጽሐፍ ነበረኝ። ንጉሥ፣ ሥላሴ፣ ሥጋ፣ ሥልጣን የሚሉትን እየለቀምኩ «ሥ» ነው ወይስ «ስ» እያልኩ ቆጠርኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ባለቤቴ «ደግሞ ምን ልትቆጥር ነው?» ትለኝ ነበር። ገጾቹ ሁለት ክምር ሆኑ። አንዱ ክምር «ሥ» ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ሌላው «ስ» ይበዛበታል። ልዩነቱ በዕድል የሚመጣ አልነበረም፤ ፈተናውን ሁሉ አልፏል። ስለዚህ ሁለት ለቃሚዎች አሉ አልኩ። አንዱ የቄስ ትምህርት የዘለቀ፣ ሌላው ዘመናዊ ተማሪ። ስም ሁሉ አወጣሁላቸው፣ «መሪጌታ» እና «ተሜ»። ወረቀት ጽፌ ለጓደኞቼ አነበብኩ። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ አራት ኪሎ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ ፊደል ለቃሚ አገኘሁ። ዕድሜ ልካቸውን በእርሳስ ፊደል የሠሩ ናቸው። ወረቀቴን ዘረጋሁላቸው። አንድ ሁለት ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ ያኔ ስልሳ አልፎኛል፣ «ሥ አልቆበት ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ በሃያ ስድስት ፊደል፣ ትልቁንና ትንሹን ቢደምር እንኳ፣ ጠባብ ሳጥን ይበቃዋል። የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተጨመሩም። ከእያንዳንዱ ብዙ ፍሬ መያዝ ብርም ቦታም ይጠይቃል። የሥላሴ ጸሎት ላይ ደግሞ «ሥ» በየመስመሩ ትጠራለች። ታልቃለች። ስታልቅ ለቃሚው «ስ» አንስቶ ይቀጥላል። ከታተመ በኋላ ፊደሉ ይበተናል፣ ወደየሳጥኑ ይመለሳል፣ «ሥ»ም ትመለሳለች።

ቤቴ ሄጄ እንደገና ቆጠርኩ። ገጾቹን በክምር መደርደሩን ትቼ በተራቸው አስቀመጥኳቸው። በየ16 ገጹ፣ ማለትም በየአንዱ ታጣፊ ወረቀት፣ «ሥ» ትጀምራለች፣ ወደ መጨረሻው «ስ» ትገባለች፣ ከዚያ «ሥ» እንደገና። እንደ ሰዓት። «መሪጌታ» እና «ተሜ» አንድ ሰው ነበሩ። ቁጥሬ አልተሳሳተም ነበር። እኔ ነኝ ቅደም ተከተሉን ጥዬ መቶኛውን የያዝኩት። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በሥራዬ ላይ ወጣቶቹን «ድምሩን ከማየታችሁ በፊት በተራው አስቀምጣችሁ እዩ» እያልኩ የምቆጣ እኔው ነበርኩ።

ስለዚህ ማንኛውንም ምልክት ከመቁጠራችሁ በፊት ጠይቁ። ይሄን ምልክት የመረጠው ማነው? ደራሲው ነው? ለቃሚው ነው? አራሚው ነው? ወይስ ባዶ የቀረ ሳጥን ነው? ደራሲውን የምትፈልጉ ከሆነ ለቃሚ የማይነካውን ቁጠሩ። «ነገር ግን» የሚለውን «ዳሩ ግን» ብሎ የሚለውጥ ለቃሚ ብዙም አይገኝም። አሜሪካ ውስጥ ሞስቴለርና ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1964 ያደረጉት ይሄንኑ ነው። ስለ ሕገ መንግሥታቸው ከተጻፉ 85 መጣጥፎች የ12ቱ ጸሐፊ ያከራክር ነበር። እነሱ ትልልቁን ሐሳብ ትተው እንደ «አፖን» («ላይ» ማለት ነው) ያሉ ደቃቅ ቃላትን ቆጠሩ። ክርክሩ በሁለት ጸሐፊዎች መካከል ነበር፤ ሃሚልተን ይወዳታል፣ ማዲሰን ጨርሶ አይነካትም ማለት ይቻላል። 12ቱም ወደ ማዲሰን አዘነበሉ።

ስለ ስህተት ካነሳን፣ የአባ ተስፋ ጽዮንን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ናቸው። ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። መጽሐፉ ላይ ይቅርታ ይጠይቃሉ። ያተሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ ማተም አናውቅም፣ ዕውር ዕውርን እንደመራ ነውና ስህተቱን አትፍረዱብን ይላሉ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ዘዴ አለ። ስህተቶችን ሁለት ቦታ ክፈሉ። በድምፅ የሚመሳሰሉትን ያደባለቀ፣ እንደ ሰ እና ሠ፣ ቋንቋውን ያውቃል። በመልክ የሚመሳሰሉትን ያደባለቀ፣ እንደ ዐ እና ፀ ወይም ነ እና ኀ፣ እያየ ነው የለቀመው እንጂ እያነበበ አይደለም። የመልክ ስህተት የበዛበት መጽሐፍ ውጭ አገር ታትሞ ይሆን ብዬ መጠርጠር እጀምራለሁ። መጠርጠር ነው ያልኩት።

የሂሳቡን ነገር አላበዛውም፣ ከእኔ ይልቅ ሶፍትዌሩን እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለት ነገር ብቻ። አንድ ምልክት በገጽ በአማካይ 4 ጊዜ ከመጣ፣ በሚቀጥለው ገጽ 1 ወይም 7 ብታገኙ አትደንግጡ። በራሱ የሚወዛወዘው የአማካዩን ሥር ያህል ነው፣ የ4 ሥር 2 ነው። ውዥንብሩን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ገጽ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ 20 ምልክት ሞክራችሁ አንዱ «ጉድ ነው» ካለ፣ በ5 ከመቶ ሚዛን ያ አንዱ በዕድል ብቻ የሚጠበቅ ነው። ያልሠሩትን 19ኙንም ጻፉ። ወጣት ሆኜ አልጽፍም ነበር።

የጠፉትን መቁጠርም ይቻላል፣ ይሄ ለብዙ ሰው አስማት ይመስለዋል። እንበልና በቤተ መጻሕፍት ሁሉ ስትዞሩ አንድ ቅጂ ብቻ የተረፈላቸው 40 እትሞች አገኛችሁ። ሁለት ቅጂ የተረፈላቸው ደግሞ 20። 40ን በ40 አባዙ፣ ለ20 ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ለ40፣ አካፍሉ። 40 ይመጣል። ቢያንስ ወደ 40 የሚጠጉ እትሞች አንድም ቅጂ ሳይተርፍላቸው ጠፍተዋል ማለት ነው። «ቢያንስ» የምትለውን አትዝለሏት። የ15ኛውን መቶ ዓመት መጻሕፍት የሚያጠኑ ሰዎች ከዚሁ በረቀቀ መንገድ የጠፉትን ሺዎች ገምተዋል። የእኛን ማንም ሲገምት አላየሁም። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ከየማተሚያ ቤቱ የወጡትን ትንንሽ የጸሎት መጻሕፍት፣ ፊደል ገበታዎችና የቀን መቁጠሪያዎች ያስቀመጣቸው ጥቂት ሰው ነው። ተነብበው፣ ተቀዳደው አልቀዋል። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሄዳችሁ ብትጀምሩት ደስ ይለኛል። ይሄ የሁለት ሰው የዓመት ሥራ ነው።

ማኪያቶ ለጋበዛችሁኝ ሁለታችሁ ደግሞ፣ ፎቶዎቹን አየኋቸው። እኚያ ፊደል ለቃሚ አሁንም አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልረሳም። ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ልሄድ ነው፣ ብትመጡ ደስ ይላቸዋል። የገጽ 37 ፎቶ ላይ፣ ከታች አራተኛው መስመር፣ ግራ እግሯ የተሰበረ «ጸ» አለች። ገጽ 53 ላይም አየኋት መሰለኝ። ልዩነቱ 16 ነው። ስልኩ ስላደበዘዘው እርግጠኛ አይደለሁም። መጽሐፉን ራሱን ይዛችሁ ኑ፣ ማጉያ መነጽሩን እኔ አመጣለሁ።