የጡት ወተት ባክቴሪያ ካለው ይፍላ ወይ?

እህቴ፣ «የጡት ወተት ውስጥ ባክቴሪያ አለ የሚል አነበብኩ፣ አልቤ ያስቀመጥኩትን አፍልቼ ልስጣት ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም አታፍይው። ያነበብሽው እውነት ነው፣ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። የጤነኛ እናት ወተትም ስታፊሎኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ አንዳንዴም ላክቶባሲለስና ቢፊዶባክቴሪየም አያጣም። ከፊሉ ከቆዳሽ ነው። ከፊሉ ደግሞ ከራሷ ከልጅሽ አፍ፤ ስትጠባ ትንሽ ወተት ወደ ጡትሽ ቱቦ ተመልሶ ይገባላ።

እኔን ጉድ ያሰኘኝ የስኳሩ ነገር ነው። ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ ከ150 በላይ ዓይነት ስኳሮች አሉበት፣ በመጠን ከላክቶስ (ከዋናው የወተት ስኳር) እና ከስብ ቀጥለው ይመጣሉ፣ ሕፃኑ ግን አይፈጫቸውም! ታዲያ ለማን ነው? አንጀቱ ውስጥ ላሉት ቢፊዶባክቴሪያዎች ነዋ። እነሱ ያንን እየበሉ አሲድ ያመነጫሉ፣ አሲዱ ደግሞ ለብዙ ጎጂ ጀርሞች አይመችም። በዚያ ላይ አይጂኤ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል አለ፣ ከጀርሞች ብረት የሚነጥቀው ላክቶፈሪን አለ፣ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርሰው ላይሶዛይም አለ። ስኳሮቹ ሙቀት ይችላሉ፤ እነዚህኞቹን ግን ማፍላት ያበላሻቸዋል። እናቶች የለገሱትን ወተት ለሌሎች ሕፃናት የሚያቀርቡት የወተት ባንኮች እንኳን፣ ያውም የሌላ እናት ወተት ይዘው፣ አያፈሉም፤ በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩታል እንጂ።

ሥራ ስመለስ እኔም እያለብኩ ፍሪጅ አስቀምጥ ነበር። በማግስቱ ስቡ ከላይ ወፍራም ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ከሥር ውሃ የመሰለ ይቀራል። አማቴ «ተበላሽቷል፣ ድፊው» ብለው አስጨነቁኝ፤ ቀስ አድርጌ ሳዞረው ተመልሶ አንድ ሆነ። አንዳንዴ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ እሱም ላይፔዝ የሚባለው ኢንዛይም ስቡን ሲሰባብረው ነው። የኮመጠጠ ሽታ ካለው ግን ድፊው።

ይልቅ ጭንቀትሽን ወደ ጡት ማለቢያው ፓምፕ አዙሪው። ከምንም በላይ የሚያሰጋው እጅ ሳይታጠቡ ማለብና በደንብ ያልታጠበና ያልደረቀ የፓምፕ ዕቃ ነው። አዲስ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለማሞቅ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ ማይክሮዌቭ አይሆንም፣ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል። ጠጥታ ያስተረፈችውን በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰች ድፊው።

ልጅሽ ያለ ጊዜዋ የተወለደች ወይም ሆስፒታል የተኛች ከሆነች ግን ለእሷ ደንቡ ጠበቅ ይላል፣ የሚከታተሏትን ነርሶች ጠይቂ።