«ማሞግራፊው ምንም አላሳየም» ሲሉሽ
እህቴ፣ የ34 ዓመቷ ታናሽሽ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ «እዚሁ ደብረ ብርሃን አልትራሳውንድ ትታይ ወይስ አዲስ አበባ ሄዳ ማሞግራፊ ወይም ኤም አር አይ ትነሳ? የቱ ይሻላል?» ብለሻል። በእኔም ስለደረሰ ትንሽ ላስረዝመው።

38 ዓመቴ ነበር። ገላዬን ስታጠብ ባቄላ የምታክል ጠጣር ነገር እጄ ላይ መጣች። አታምም። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ «የወተት ነው፣ ይጠፋል» ብለው ሸኙኝ። አራት ወር ተቀመጥኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሳይጠፋ ሲቀር አዲስ አበባ ሄጄ ማሞግራፊ ተነሳሁ። ያው ራጅ ነው፤ ጡትን በሁለት ሰሌዳ መሃል ጨፍልቆ ያነሳል። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። (የዚያን ቀን ብብቷን ዲዮዶራንት እንዳትቀባ፤ ፎቶው ላይ ነጠብጣብ መስሎ ያሳስታል።) ውጤቱ «ምንም አይታይም» አለ። ስመለስ መንገድ ላይ ጫጫ ከተማ ስደርስ ለእናቴ ደውዬ እልል አስባልኳት።

ሪፖርቱን ያየው ሐኪም ግን እብጠቷን ዳሰሰና አልትራሳውንድ አዘዘ። የወጣት ሴት ጡት ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በማሞግራፊ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዕጢውም ነጭ ነው። ነጭ ጋቢ ላይ የወደቀ ጥጥ እንደመፈለግ በይው። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፤ እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ይሁን ጠጣር ይለያል። ጨረር ስለሌለው ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። የእኔን ጉድ ያወጣው እሱ ነው። መርፌውንም በስክሪኑ እያዩ አስገብተው ናሙና ወሰዱ። ካንሰር መሆኑን የነገረኝ ናሙናው ነው እንጂ ፎቶ አይደለም።

ማሞግራፊ አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። እጅ የማይደርስባቸውን፣ እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ የካልሲየም ነጠብጣቦች የሚያሳየው እሱ ነው፤ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎቱ በደንብ በተሟላበት አገር ከ50 እስከ 69 ዓመት ያሉ ሴቶች ምንም ሳይሰማቸው በየሁለት ዓመቱ እንዲነሱ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ኤም አር አይ? በማግኔት የሚነሳ ምስል ነው። ብዙ ያያል፤ ካንሰር ያልሆነውንም እያነሳ ያስደነግጣል። በዋናነት የሚታዘዘው በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ስጋት ላለባቸው ነው። ውድ ስለሆነ ይበልጣል ብላችሁ በሬ እንዳትሸጡ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይዳስሳት፣ አልትራሳውንዱን እዚያው ትታይ፣ ማሞግራፊ ካዘዙላት ትጨምር። ሪፖርቱ ላይ «ቢራድስ» የሚል፣ ምስሉ ምን ያህል እንደሚያሰጋ የሚመድብ ቁጥር ታገኛላችሁ። 0 ከሆነ «የለባትም» ማለት አይደለም፤ ሌላ ምስል ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ የማውቃት ሴት 0 አይታ ድግስ ልትደግስ ነበር። 4 ወይም 5 ከሆነ ናሙና አይቀርም። ፎቶው ንጹህ ሆኖ እብጠቱ ካለ ደግሞ «አሁንም ይዳሰሳል» ብላ ትሟገት።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል መሄድ ካሰበችም ትሂድ፤ እኔም ሄጃለሁ። ግን ናሙናውን ሰጥታ፣ ውጤቱ እስኪደርስ ባሉት ቀናት።